ከሕመምተኛው ጎን የሚጀምር ዕውቀት

በእንጅባራ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሙያ ነው። ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ብሎ ባለው የአገራችን ክፍል አንድ ሰው አእምሮው ታሞ ሆስፒታል ሲመጣ የሚቀበለው፣ የሚመረምረው፣ መድኃኒት የሚጀምርለትና ለዓመታት በቀጠሮ የሚከታተለው ብዙ ጊዜ ሐኪም ሳይሆን ነርስ ነው። የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ወይም በሆስፒታል አጠራራችን ሳይካትሪ ነርስ። እኔም ይህን ሙያ ተምሬ ሠርቼበታለሁ፤ አሁን አስተምረዋለሁ፣ ምርምርም አደርግበታለሁ። ሐሳቤን ገና ከመነሻው ልንገራችሁ። ስለ አእምሮ ሕመም በአገራችን ካገኘነው ጠቃሚ ዕውቀት ብዙው የተገኘው ከሕመምተኛውና ከአስታማሚው ጎን ቁጭ ብለው በጠየቁ ሰዎች ነው። የዞናችን የአዊ የአእምሮ ጤና ችግርም መፍትሔ የሚያገኘው ይህን መቀመጥና መጠየቅ ሙያቸው ያደረጉ ልጆች ከዚሁ ወጥተው፣ ተምረው፣ ለዚሁ ሲሠሩ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላንሳ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከዳንግላም ይሁን ከእንጅባራ፣ ከአንከሻም ይሁን ከጃዊ፣ የታመመ ሰው ያለው ቤተሰብ ዓባይን ተሻግሮ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። በሬ ሸጦ የሄደ አለ። ጸበል ለጸበል የተንከራተተ አለ። ብዙው ግን ሕመምተኛውን እቤቱ አስቀመጠ፤ አንዳንዱም አሰረ። ያሰረ ቤተሰብ ሁሉ ጨካኝ ነበር ብዬ አላምንም። ልጁ ገደል እንዳይገባበት፣ ሌሊት አውሬ እንዳይበላበት፣ የሰው ቤት አቃጥሎ ደም እንዳያመጣበት ፈርቶ ነው ያሰረው። የሚሄድበት ቢያጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 አማኑኤል ሆስፒታል በዓለም የጤና ድርጅት ድጋፍ ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ጀመረ። ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ አይቻልም ነበር። ስለዚህ በነርስነት ሲሠሩ የቆዩ ሰዎችን መርጦ፣ ተጨማሪ ሥልጠና ሰጥቶ፣ በየአካባቢው ሆስፒታል መመደብ ተያዘ። ሐኪሞች በአእምሮ ሕክምና በአገር ውስጥ ስፔሻላይዝ ማድረግ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጀመረው ትብብር። በዚያን ጊዜ ከ70 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ገደማ ነበሩ። እስኪ አስቡት። በመካከሉ ባሉት 16 ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚኖረው ሕመምተኛ ማን ነበረው? እነዚያ ነርሶች ነበሩ። በአንድ ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛና በሁለት ወንበር፣ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ካለ እየሰጡ፣ ከሌለ እያጽናኑ አገር ያዙ። ታሪካቸው በወጉ አልተጻፈም። በሕይወት ያሉት ሳያልፉ ሊጻፍ ይገባዋል እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ አድጓል። ጎንደርንና ጅማን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን አስመረቁ። በኋላም የተቀናጀ ክሊኒካዊና ማኅበረሰባዊ የአእምሮ ጤና የተባለ የማስተርስ ትምህርት ተከፈተ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ያስጀመረው ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር ሆኖ ነው። ዛሬ አንዲት የአዊ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ዲግሪዋን ብትይዝ፣ ጥቂት ዓመት በሆስፒታል ሠርታ ማስተርሷን ብትቀጥል፣ ሌክቸረር፣ ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ሦስተኛ ዲግሪዋን ይዛ ደግሞ ተባባሪ ፕሮፌሰር ልትሆን ትችላለች። መንገዱ አለ። ጥያቄው መንገዱ ላይ ስትሄድ ምን ትማራለች፣ ምንስ ታስተምራለች ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሙያው ልብ ያለው እዚህ ነውና።

ስለ መድኃኒቱ ማስተማር ከባድ አይደለም። ይህ መድኃኒት እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያ እንቅልፍ ያበዛል፣ ይህኛው በወር አንዴ በመርፌ ይሰጣል፤ ተማሪው ያጠናዋል፣ ፈተናውን ያልፋል። ከባዱ ሌላ ነው። አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልዴጋርድ ፔፕላው እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በነርሷና በሕመምተኛው መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል መሆኑን አስተማረች። ከእሷ ወዲህ በብዙ አገር ያሉ የሙያው ተማሪዎች አንድ ልምምድ ይሠራሉ፤ የእኛም ይሠራሉ። ተማሪው ከአንድ ሕመምተኛ ጋር ጥቂት ደቂቃ ያወራል። ከዚያ ዘወር ብሎ የተባባሉትን ሁሉ በደብተሩ ላይ በሦስት ረድፍ ይጽፋል። በመጀመሪያው ረድፍ ሕመምተኛው ያለውንና ያደረገውን፣ በሁለተኛው እሱ የመለሰውን፣ በሦስተኛው በዚያች ቅጽበት በልቡ ያለፈውን።

አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የጻፈውን ላሳያችሁ፤ የማንንም ማንነት እንዳይገልጥ አድርጌ ነው የማቀርበው። ሕመምተኛው፦ «ሬዲዮው ሌሊቱን ሙሉ ስለ እኔ ሲያወራ አደረ።» ተማሪው፦ «ኧረ የለም፣ ሬዲዮ ስለ አንተ አያወራም።» ሕመምተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተማሪው፦ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ሕመምተኛው ዝም አለ። በሦስተኛው ረድፍ ተማሪው የጻፈው አንዲት ቃል ናት፤ «ፈራሁ»።

ይህን ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ሬዲዮው ስለ ሰውየው እንደማያወራ ሁለታችንም እናውቃለን። ነገር ግን ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ይህ እውነት ነው። ብቻውን ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ተማሪው ክርክር ውስጥ የገባው ስለፈራ ነው፤ መድኃኒቱን የጠየቀውም ከፍርሃቱ ለማምለጥ ነው። በማግስቱ ተመልሶ ሲሄድ «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሳይወስድህ ማደር እንዴት ይከብዳል» ብሎ ጀመረ። ሰውየው ፊቱን መለሰ። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ወንድሙ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ መድኃኒቱን ለምን ከምላሱ ሥር ደብቆ እንደሚተፋው ተናገረ። አፉን የሚያደርቅበትና አንገቱን የሚያጣምምበት ሆኖ ነው። አንገት መጣመሙ የታወቀ የመድኃኒቱ ጠንቅ ነው፤ ማርገቢያ አለው። መጠኑ ተስተካከለለት፣ ማርገቢያው ተጨመረለት። እንግዲህ አንድ ሰው መድኃኒቱን መውሰድ የጀመረው በክርክር ተሸንፎ አይደለም፤ ሰው ስላዳመጠው ነው። ይህን ማስተማር ጊዜ ይፈልጋል፤ ሃምሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ዋርድ በመላክ አይሆንም። የተግባር ትምህርታችን ትልቁ ድካም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ምርምሩ ልለፍ፤ እሱም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በአገራችን ስለ አእምሮ ሕመም ከተሠሩት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ በቡታጅራ አካባቢ የተሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ይህ ሥራ፣ እነ ዶክተር ደረጀ ከበደና ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ከባልደረቦቻቸው ጋር የመሩት፣ ቤት ለቤት እየተዞረ 68,378 ጎልማሶች የተጠየቁበት ነው። ከመካከላቸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በ10 ዓመቱ 121 ሞቱ። ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ማለት ነው። የሞቱትም በአማካይ ዕድሜያቸው ሊደርስበት ይችል ከነበረው ሦስት አሥርት ዓመት ያህል ቀድመው ነው።

ምን ገደላቸው? ራስን ማጥፋት፣ አደጋና ግድያ ነበሩበት። ከሞቱት ግማሽ የሚሆኑትን የወሰዳቸው ግን ተላላፊ በሽታ ነው። ይህን ቁጥር ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ሰውየው «እብድ» ተብሏል፤ ትኩሳት ሲይዘው የሚለካው የለም፣ ሲያስለው አክታው አይመረመርም፣ ሲቃዥ «ያው ሕመሙ ነው» ይባላል። ወባ ይሁን የሳንባ ምች የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የአእምሮ ሕክምና ነርስ በቀጠሮ ቀን ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ ይዛ ካልተቀመጠች ሥራዋ ግማሽ ነው። የቡታጅራው ቁጥር ለእኔ የሚናገረው ይህንን ነው።

ከዚሁ አካባቢ የወጣ ሌላ ጥናት አለ፤ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ባለሙያ ሲያማርር የምንሰማው «መድኃኒት ያቋርጣሉ» የሚል ነው። ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ፣ በአስታማሚው ላይ፣ በጸበሉ ላይ እንደፈድፋለን። ዶክተር ሰለሞን ተፈራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎችና አስታማሚዎቻቸውን ለምን እንዳቋረጡ ራሳቸውን ጠየቋቸው። ከመልሶቹ አንዱ ይህ ነበር፦ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እቤት ግን የሚበላ የለም። እነሆ፤ ርቀው ከሚገኙ አገሮች የመጣው የሕክምና መጽሐፍ የምግብ ፍላጎት መጨመርን የሚያነሳው ስለ ውፍረት ሲጨነቅ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ግን በርሃብ ላይ የተጨመረ ርሃብ ሆኖ ተገኘ። ይህን ማንም ቢሮ ተቀምጦ ሊያስበው አይችልም ነበር። ሕመምተኛው መጠየቅ ነበረበት። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ ሲጎድል ቀጠሮ የሚቀሩ ሰዎች ካሉ፣ አሁን ምን እንደምንጠይቃቸው እናውቃለን።

የሚጥል በሽታም በእኛው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታከማል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት የመስቃንና ማረቆ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አገኙ። ከእነዚህ ውስጥ የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ፌኖባርቢታል በብዙ ቦታ ይገኛል። ግን እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉ ወጣቶችን ዛሬም እንቀበላለን፤ በሽታው በአረፋው ይተላለፋል ተብሎ ማንም ስላላነሳቸው። አይተላለፍም። ክብሪት ለኩሶ ማሽተትም አይጠቅምም። ሰው ሲጥለው ስለታማ ነገርና እሳት አርቁለት፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ለዛሬ ሌላውን ብትረሱ ይህችን አትርሱ።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ አዊ።

የአፈራችንን ቀይነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው ላይ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ በሳይንሱ ስም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። የሚተላለፍ አይደለም፤ ጫማ ይከላከለዋል። ግን ሠርግ ላይ ተለይቶ የሚቀመጥ፣ ልጁን የሚያገባለት የሚያጣ ስንት ሰው አለ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ይህ የእግር እብጠት ካለባቸው ሰዎች 12.6 በመቶው ከፍ ያለ የድብርት ምልክት ታይቶባቸዋል። ጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ላይ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። እግሩን ያበጠው አፈሩ ነው፤ ልቡን የሰበረው ደግሞ እኛ ጎረቤቶቹ ለእሱ ያለን ዓይን ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሲዲቲ-አፍሪካ ማዕከል፣ በፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ መሪነት፣ ከእንግሊዙ የብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ ኤንድፖይንት የተባለ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የተሞከረበት ቦታ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ በዞናችን፣ ጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ነው። የእግር እብጠት፣ የሥጋ ደዌና ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያቸው እግራቸውን መታጠብና መንከባከብ ሲማሩ የአእምሮ ጤናቸውም አብሮ እንዲታይ፣ መገለሉም እንዲቀንስ የታሰበ ሥራ ነው። እኔ ይህን ሳይ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ፤ የሰው እግርና የሰው ልብ በአንድ ካርድ ላይ ተጻፈ። የሚከነክነኝ ደግሞ አለ። እንዲህ ያለውን ሥራ ከዞናችን ውጭ መጥተው የሚመሩልን ባለሙያዎች እናመሰግናቸዋለን፤ ነገ ግን ጥያቄውን የሚያነሱት የባንጃና የጓጉሳ ልጆች መሆን አለባቸው።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። ስለ ድብርትና ጭንቀት የምንጠቀምባቸው መጠይቆች በአማርኛ ተተርጉመው ተፈትሸዋል። የአንከሻ እናት ግን የልጇን ሞት የምታለቅሰው በአገውኛ ነው። በአማርኛ ብትጠየቅ ጨዋነት ይዟት «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። በራሷ ቋንቋ ያወራቻት ነርስ የምትሰማው ሌላ ነው። በአገውኛ የተፈተሸ መጠይቅ ማዘጋጀት ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚበቃ፣ ለዞኑም ለብዙ ዘመን የሚጠቅም ሥራ ነው። ይህን ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ማን ሊሠራው ይችላል?

ሌላው ምክንያት ያየነው መከራ ነው። ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ አጠገብ ራንች መጠለያ የሰፈሩ ወገኖቻችንን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ያላችሁን አካፍላችኋቸዋል። ከዚያ ወዲህም ክልላችን ያለፈበትን አልናገርም፤ ያለፋችሁበት እናንተ ናችሁ። መንገድ ሲዘጋ የወር መርፌ ይቀራል፣ መድኃኒት ሲያልቅ ተረጋግቶ የነበረ ሰው ይመለስበታል። በድንኳን ውስጥ እንቅልፍ ያጣ ሕፃን አድጎ ተማሪ ይሆናል፤ መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል። እነዚህን ጉዳዮች መመዝገብ፣ መከታተልና ማከም የሚችል ሰው እዚሁ የሚኖር መሆን አለበት።

ስለ ሙያ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዩኒቨርሲቲ ያለን ሰዎች እድገት የምናገኘው ባሳተምነው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የሚታተመው በእንግሊዝኛ፣ በውጭ መጽሔት ነው። ስለዚህ ፈጣኑ መንገድ አንድ መጠይቅ ይዞ፣ አራት መቶ ሰው አስሞልቶ፣ «የዚህ ሕመም ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» ብሎ መጻፍ ሆኗል። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ጥቅም አላቸው፤ አንዳንዶቹን እኔም ጽፌያለሁ፣ አላፍርባቸውም። ነገር ግን ከስድስት ሰው አንዱ ተጨንቋል ብሎ ከቆጠሩ በኋላ ስድስተኛውን ሰው ሳያክሙ መሄድ ልማድ ከሆነ ሙያችን ይጎዳል። የነርስ ምርምር ነርስ ልትመልሰው በምትችለው ጥያቄ ይጀምር። ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም የሚቀረው ሰው ይቀንሳል? አስታማሚዋ እናት በወር አንዴ ከሌሎች እናቶች ጋር ብትቀመጥ ሸክሟ ይቀላል? ከዋርድ የወጣ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቱ ድረስ ቢጎበኝ ተመልሶ ይገባል ወይስ አይገባም? እነዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ተመራማሪዋ ከክሊኒኩ እንዳትርቅ ነው። መምህር የሆነች ነርስ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሕመምተኛ ማየት አለባት የሚል አቋም አለኝ፤ ለሥራ ደረጃዋም ሊቆጠርላት ይገባል።

ሙያው ራሱ እየተለወጠ መሆኑንም እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሮፌሰር ሻርሎት ሃንሎንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ ባሳተሙት በቡታጅራ አካባቢ በተሠራ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች፣ ግማሾቹ በቅርባቸው ባለ ጤና ጣቢያ በተራ የጤና ባለሙያዎች ክትትላቸውን ቀጠሉ። የጤና ጣቢያው ውጤት ከሆስፒታሉ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ይህን ሰምተው የደነገጡ ነርሶች አሉ፤ «እንግዲህ እኛ አናስፈልግም» ብለው። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ያሠለጠነው ማን ነው? ሲቸግረው የሚደውለው ለማን ነው? የከበደውን የሚልከው ወዴት ነው? ዳንግላና እንጅባራ ያሉት ነርሶች ለየወረዳው ጤና ጣቢያ መምህራን ሲሆኑ፣ ከፋግታም ከጃዊም የሚመጣው ሰው ለአንድ ብልቃጥ መድኃኒት ቀኑን ሙሉ አይጓዝም። ማስተማር ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም ማለት ነው።

አባቶቼ ካህናት፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ከጠየቋቸው 178 የሕመምተኛ ዘመዶች 75 በመቶው መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል፤ 65 በመቶው ደግሞ የመረጡት መፍትሔ ጸሎት ነው። እንግዲህ ቤተሰቡ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው፤ ይህ አይቀየርም፣ መቀየርም የለበትም። በአዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን የአእምሮ ሕክምናም አብረው እንዲያገኙ ካህናትና ሐኪሞች ተባብረው ሠርተዋል። ይህ እዚህም ይቻላል። ከእናንተ የምንፈልገው አንድ ቃል ነው፤ «ጸበሉንም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ» በሉት። እኛ መቶ ጊዜ ከምንለው እናንተ አንዴ ብትሉት ይሰማል።

የአገር ሽማግሌዎች፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዚህን ሕዝብ አንድነት ጠብቆ የቆየ ማኅበር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ለማኅበሩ በዓል እዚህ እንጅባራ የሚሰበሰበውን ሕዝብ የሚያህል ጉባኤ ማንም የጤና ቢሮ ሊጠራ አይችልም። በዚያ ቀን ከመድረኩ ላይ የታመመ ሰው እንዳይታሰር፣ የሚጥል በሽታ እንደማይተላለፍ ሁለት ደቂቃ ቢነገር በየቀበሌው ይደርሳል። ይህን ጥያቄ በአክብሮት አቀርባለሁ።

ወላጆች፤ ልጃችሁ ሳይካትሪ ነርሲንግ ደረሰኝ ሲላችሁ አታዝኑ። ከሕመምተኛው ጋር የዋለ ሰው ያብዳል የሚባለው ውሸት ነው። ሥራው ይከብዳል፣ ደመወዙም ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም፤ ይህን አልደብቃችሁም። ነገር ግን በዚህ ዞን ውስጥ በጣም የሚያስፈልግ፣ ገና ብዙ ያልተሠራበት፣ ጎበዝ ተማሪ እስከ ፕሮፌሰርነት ሊደርስበት የሚችል ሙያ ነው።

በመጨረሻ ለሁላችሁም የምለምነው ይህንን ነው። እቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ውስጥ የታሰረ፣ ጓዳ የተዘጋበት፣ ለወራት ያልተናገረ ሰው ካለ ወደ ቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አምጡት። ከአሁን በፊት የወሰደው መድኃኒት ካለ ወረቀቱን ወይም ባዶ ማሸጊያውን ያዙ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረው፣ እንቅልፉና ምግቡ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አብሮት ይምጣ። ማምጣት ካልተቻለም የቀበሌያችሁን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሩ። ዘግይቷል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ለዓመታት ታስረው ኖረው ከታከሙ በኋላ ተመልሰው እርሻቸውን ያረሱ ሰዎችን አውቃለሁ።